የአይሱዙው ብር ለምን ይዋል?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂያችን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሱቅ አለው። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ሰባት ስምንት ሰው ያድራል። ጠዋት ሲከፍት ካርቶን፣ የሽንት ሽታ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጠብ ይቀበለዋል። የአካባቢው ነጋዴዎች ተሰብስበው ብር ማዋጣት ጀምረዋል። ግማሹ «አይሱዙ ተከራይተን ወደየመጡበት እንሸኛቸው» ይላል፣ ግማሹ «መጠለያ እንሥራላቸው» ይላል። ሐሙስ ሊወስኑ ነው። እሱም «እንደኛ ያለ ትንሽ ከተማ ከየት ይጀምራል? ባለሙያ ካለ ይንገረኝ» ብሏል።

ወንድም ዓለም፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጥልህ። ሁለቱም ይቅሩ። ያዋጣችሁት ብር መጀመሪያ ሰዎቹን አንድ በአንድ ለሚያውቅ አንድ ሰው ደመወዝ ይዋል። የቀረው ለክፍል ኪራይ ይሁን። ለምን እንደምል ላስረዳ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናህን ይዘህ አንብበው።

በማኅበራዊ ሥራ ሙያ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ከጎዳና ሰዎች ጋር ስሠራ ቆይቻለሁ። ቅሬታህን አልንቀውም። በየጠዋቱ የሰው ሽንት እያጠቡ ሱቅ መክፈት ያማርራል። «ርኅራኄ የለህም» የሚሉህን እለፋቸው፤ አብዛኞቹ በረንዳ የላቸውም።

አሁን ወደ አይሱዙው። አፈሳ አዲስ ነገር አይደለም። በዓል ሲደርስ ወይ ትልቅ እንግዳ ሲጠበቅ በየከተማው ሲደረግ ያየነው ነው። ሰዎቹ ሌሊት ይጫናሉ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ይራገፋሉ፣ ከዚያ በእግርም በጭነት መኪናም ይመለሳሉ። ደሴ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ናት፣ የመቀሌው መንገድ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ታች ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የባቲና የአፋሩ መንገድ ይገነጠላል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለመግባት ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እናንተ ኮምቦልቻ ብታራግፏቸው የኮምቦልቻ ነጋዴ በሚቀጥለው ወር አይሱዙ ተከራይቶ ይልክላችኋል። የሚያተርፈው ባለ አይሱዙው ብቻ ነው።

አፈሳ ሌላም ጣጣ አለው። ሰው ሲታፈስ ዕቃው አብሮት አይሄድም። ብርድ ልብሱና ካርቶኑ ተሰብስቦ ይቃጠላል። አንድ ሰው አውቃለሁ፤ በየወሩ ሆስፒታል ሄዶ መርፌ ይወጋ የነበረ፣ ተረጋግቶ የቀን ሥራ የጀመረ። በአንድ አፈሳ የቀጠሮ ካርዱ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ እንዳለ ተቃጠለ። ካርድ የለም ተብሎ ሲመላለስ ቀጠሮው አለፈ። ከዚያ እንደገና ማንንም የማያናግር፣ ሲጠጉት ድንጋይ የሚያነሳ ሰው ሆነ። እሱን ወደነበረበት ለመመለስ የወጣው ድካምና ብር ከአንድ አይሱዙ ኪራይ በላይ ነው።

ሕጉም ከአይሱዙው ጋር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ላይ ሰው በፈለገው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና የመኖር መብት አለው ይላል። «የቦዘኔ አዋጅ አለ አይደል?» የሚል ሰው ስብሰባችሁ ላይ አይጠፋም። አዎ አለ፣ የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996። ግን መተዳደሪያ ማጣት ብቻውን አይበቃውም፤ በአዋጁ የተዘረዘረ ሌላ ድርጊት ይጠይቃል። ቤት አጥቶ በረንዳ ላይ የተኛ ሰው በተኛበት ቦዘኔ አይባልም። ደግሞስ የነጋዴ ኮሚቴ ሰው አስገድዶ የመጫን ሥልጣን ከየት አመጣ? መንገድ ላይ አንዱ ወድቆ ቢሞት ተጠያቂው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ስብሰባው ላይ ጮክ ብለህ ጠይቅ፤ የብዙ ሰው ሐሳብ እዚያው ይቀየራል።

መጠለያውን የሚሉት ደግሞ ልባቸው ጥሩ ነው፣ ሒሳቡን ግን አልሠሩትም። ቤት መሥራት የወጪው ትንሹ ነው። ከዚያ በኋላ ዘበኛ አለ፣ ውሃ አለ፣ ምግብ፣ ሳሙና፣ ፍራሽ፣ የቁንጫና የትኋን መድኃኒት፣ ሽንት ቤት ማስመጠጫ አለ። ይሄ ሁሉ በየወሩ ነው። የእናንተ መዋጮ ደግሞ እንደማንኛውም መዋጮ ሦስተኛው ወር ላይ መሳሳት ይጀምራል። ቦታም የሚሰጣችሁ መሀል ከተማ አይደለም፤ ወይ ገራዶ አቅጣጫ ወይ ቦሩ ሜዳ አቅጣጫ ነው የምትመሩት። ሰውየው ፒያሳ የሚያድረው ሸክሙም፣ ቡሌውም (የምግብ ቤት ትርፍራፊው)፣ ምጽዋቱም እዚያ ስለሆነ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ገበያ መገኘት ያለበት ተሸካሚ ለፍራሽ ብሎ ዳር ከተማ አያድርም። መጠለያው ባዶ ይሆንና በረንዳህ እንደሞላ ይቀጥላል።

ደሴ በዚህ ጉዳይ የራሷ ልምድ አላት። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎና ከራያ የተፈናቀለው ሕዝብ ሲጎርፍ ትምህርት ቤቶቻችን እስከ አፋቸው ሞልተው ነበር። ሁሉም የሚያስታውሰው ትምህርት ቤቶቹን ነው። ግን ስንቱ ሰው ያደረው ሰው ቤት ነው! ዘመድ ጋ፣ የዘመድ ዘመድ ጋ፣ የማያውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ። በጥቅምት 2014 ደግሞ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የመፈናቀሉ ተራ የራሳችን ሆነ። ኮሚቴያችሁ ውስጥ ያን ሰሞን ኮምቦልቻን አልፎ ደብረ ብርሃን ሰው ቤት ያደረ ነጋዴ አይጠፋም፤ እስኪ ስለ አዳራሽና ስለ ሰው ቤት ልዩነት እሱን አስወሩት። አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው ተረጂ ነው። ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ጎረቤት አለው፣ ቡና የሚጠራው አለው፣ ሥራ ሲገኝ የሚነግረው አለው።

እሺ ከየት ይጀመር? ከመቁጠር። ግን ቁጥር ብቻ አይደለም፣ በስም ነው።

ትንሽ ከተማ ከአዲስ አበባ የምትሻልበት አንድ ነገር ይሄ ነው። እዚህ የእናንተ ሰፈር ላይ የሚያድሩትን ሁሉ በስም ማወቅ ይቻላል፣ ከተማውን በሙሉም ቢሆን በቀበሌ ተከፋፍሎ ይቻላል። ቆጠራው ቀን አይሁን። ቀን የምታየው ለማኝ ግማሹ ቤት አለው፤ ዓርብ ሸዋ በር መስጊድ፣ እሑድ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ ተቀምጦ ማታ ቤቱ የሚገባ ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ተኝቶ የሚገኘው ነው የምንፈልገው ሰው። አብሯችሁ ዘበኛ ይሂድ። የሱቅና የባንክ ዘበኞች የማያውቁት የለም፤ ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደማይስማማ፣ የትኛዋ እናት ልጇ እንደሚያስል ያውቃሉ። አንድ ደብተር ይያዝ። ስም ወይም ቅጽል ስም፣ የመጣበት ወረዳ፣ ጎዳና ላይ ምን ያህል ቆየ፣ ሕመም አለው ወይ፣ ልጅ ይዟል ወይ፣ «ምን ቢሆንልህ ከዚህ ትነሳለህ?» የሚል ጥያቄ። መጨረሻው ጥያቄ ዋናው ነው። ፎቶ አይነሳ። «ቤት እንሰጣችኋለን» ተብሎም ቃል አይገባ፤ በማግስቱ ቁጥሩ እጥፍ ይሆንና የትኛው እውነተኛ እንደሆነ አታውቀውም።

ቆጠራው ሁለቴ ይደረግ፣ አንዱ በክረምት፣ አንዱ ከአዝመራ በኋላ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራ ሲራቆት ከገጠር ወጥቶ ከተማ የሚከርም ሰው አለ። እህል ሲደርስ ራሱ ይመለሳል። ለእሱ የሚያስፈልገው ለሁለት ወር ምግብና ደረቅ ማደሪያ ነው። ቋሚ ፕሮግራም ከከፈታችሁለት ግን ሚስትና ልጁን ያስመጣል፣ ማሳው ጦም ያድራል።

ደብተሩ ሲሞላ ታያለህ፤ በረንዳህ ላይ ያሉት ሰባት ሰዎች አንድ ችግር አይደሉም። ሁለቱ የቀን ሠራተኛ ናቸው፣ ገቢ አላቸው፣ ኪራይ እንዳይበላባቸው ነው ብርድ የሚመቱት። ለእነሱ በሌሊት የሚከፈልበት ርካሽ ማደሪያ ከተገኘ ነገ ይነሳሉ። አንዷ ኪራይ ጨምሮባት የወጣች እናት ናት፤ የምትፈልገው የመጀመሪያ ወር ኪራይና ተያዥ ነው፣ ሌላ ምንም። አንዱ ሽማግሌ ናቸው፣ ልጆቻቸው የት እንዳሉ ይናገራሉ ግን «አስቸግራቸዋለሁ» ብለው ነው የወጡት። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። በቀላሎቹ ጀምሩ። አራት ሰው ሲነሳ ኮሚቴው ልብ ያገኛል፣ መዋጮውም አይደርቅም።

ከበዱ ወደሚባሉት እንምጣ፣ መጀመሪያ ልጆች።

ከደላንታ፣ ከለጋምቦ፣ ከወግዲ፣ ከመቅደላ የሚመጣ የአሥር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጎዳና የለመደ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ያለቅሳል፣ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይፈልጋል፣ ማን እንደሚመልሰው ነው የማያውቀው። እዚያ ቀን ላይ ካገኘኸው ነገሩ ቀላል ነው። ወር ሲያልፍ ግን ጓደኛ ያገኛል፣ ማስቲሽ ይለምዳል፣ ሊስትሮ ዕቃ ይዞ የራሱን ብር ማየት ይጀምራል። ስለዚህ ልጅ የሚፈለገው በረንዳ ላይ ሳይሆን መነኸሪያ ነው፣ ያውም ከሰዓት በኋላ የገጠሩ አውቶቡስ ሲገባ። አንዴ መነኸሪያው በር ላይ ቆሜ ያየሁትን ልንገርህ። አሥራ አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ አንድ ፌስታል ይዛ ወረደች። ፌስታሉ ውስጥ ነጠላና ጫማ ነው ያለው። ዙሪያዋን አይታ ሳትጨርስ አንዲት ሴትዮ «የኔ ልጅ፣ ሥራ ፈልገሽ ነው?» ብላ እጇን ያዘቻት። ዘመዷ መስሎኝ ነበር፣ ደላላ ናት። እኛ ኮሚቴ ስናቋቁም ደላላው ሥራ ላይ ነው። እዚያ ቦታ ደላላውን የሚቀድም አንዲት ሴት ቀጥሩ፤ ቡና የምትሸጥ ብትሆን የተሻለ ነው፣ መቆሟ አያጠራጥርም። አንድ ክፍልም ያዙላት፣ ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች ለሁለት ሦስት ሌሊት። እኔ መጠለያ ያስፈልጋል የምለው እዚህ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ከሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ጋር ተስማምቶ እንጂ በራሳችሁ ልጅ አታሳድሩ።

ልጁን መመለስ ማለት አውቶቡስ ላይ መጫን አይደለም። የወጣበት ምክንያት አለ። የእንጀራ አባት ይሆናል፣ ዱላ ይሆናል፣ ደብተር መግዣ ማጣት ይሆናል። መጀመሪያ ለቀበሌው ወይ ለትምህርት ቤቱ መምህር ይደወላል፣ ቤቱ ይጠየቃል፣ ሽማግሌ ወይ ሸህ ወይ የንስሐ አባት ይገባል። ከዚያ ልጁ በሰው ታጅቦ ይሄዳል፣ ደብተርና ዩኒፎርም ይዞ። ከሄደ በኋላ ደግሞ ይደወላል፣ አሁንም ይደወላል። ይህ ካልተደረገ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል፤ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ላንተ አይናገርም። አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት የሆነውን ግን በግድ አትመልሰው። እሱ የሚፈልገው ሥራና ከጓደኞቹ ጋር የሚጋራው ክፍል ነው።

ወሎ ላይ አንድ ሌላ ዓይነት አለ፤ ከዐረብ አገር የተመለሱት። በባቲና በአፋር አድርገው ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። ተይዘው በአውሮፕላን ተጭነው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ቤተሰብ ለደላላ የከፈለው በሬ ሸጦ ወይ ተበድሮ ነው። ልጅቷ ደሴ ድረስ ትመጣለች፣ ቤቷ የግማሽ ቀን መንገድ ሲቀረው እግሯ አልሄድ ይላል። «ባዶ እጄን ምን ብዬ እገባለሁ?» ትልሃለች። እዚህ የሚያስፈልገው የመኪና ብር እንዳይመስልህ። ዕዳውን የሚያስታግስ፣ «ልጃችሁ በሕይወት መጥታለች፣ አብሽሩ» የሚል የተከበረ ሰው ነው የሚያስፈልገው፣ ከተቻለም የምትጀምርበት ትንሽ ነገር፣ አምስት ዶሮም ይሁን አንዲት በግ።

አሁን ደግሞ ሁሉም የሚፈራቸው። የአእምሮ ሕሙማን።

አዲስ አበባ ውስጥ 217 የጎዳና ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከአሥሩ አራቱ ያህል ሳይኮሲስ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። የዋና ከተማን ቁጥር ወደ ደሴ መገልበጥ ትክክል አይደለም። ግን በረንዳ ላይ ካሉት ውስጥ ለረጅም ዓመት የቆየውን፣ ማንም ያላናገረውን፣ ክረምት ከበጋ ሦስት ካፖርት የሚደርበውን ስታይ መጀመሪያ ሕመም ብለህ ብታስብ አትሳሳትም። ይህ ሕመም ይታከማል። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ክኒን መዋጥ ለማይችል ሰው በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ አለ። የሚጎድለው ሰውየውን ከበረንዳው እስከ ሆስፒታሉ በር የሚያደርስ ሰው ነው።

እንዴት እንደሚሆን ላሳይህ። ሰኞ ገበያ አካባቢ «ትራፊኩ» እያሉ የሚጠሩት ሰው ነበር፤ መንገድ መሀል ቆሞ መኪና የሚያስተናግድ፣ ልጆች ድንጋይ የሚወረውሩበት፣ ሾፌር የሚሰድበው። ነርሷ መጀመሪያ ስትሄድ ስለ ሕክምና አልተናገረችም። ሻይ ይዛ ሄደች፣ እሷም ራቅ ብላ ተቀምጣ ጠጣች፣ ሄደች። ብዙ ቀን እንደዚያ ነው። አንድ ቀን «ስኳሩ አንሷል» አላት። የመጀመሪያው ቃሉ ይሄ ነው። ስሙን የነገራት ግን ዘበኛው ነው። መርፌውን ሲጀምር ከጥቂት ወራት በኋላ የትውልድ ቀበሌውን ጠራ፣ ኩታበር በኩል። ቤተሰቡ ሲፈለግ ተገኘ፤ ተዝካሩን አውጥተው ከጨረሱ ዓመታት አልፈዋል። ወንድሙ ስልክ ላይ ድምፁን ሲሰማ መናገር አቅቶት ዘጋው፣ መልሶ የደወለው ማታ ነው።

ሰውየው «ዳነ» አልልህም። ቤቱ ገብቷል፣ ከብት ይጠብቃል፣ መርፌውን ግን ማቋረጥ የለበትም። ስለዚህ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን እንዲሰጥ፣ ካልመጣም እንዲፈልገው መነጋገር ነበረበት። ቤተሰቡ ጸበልም ይወስዱታል፤ እኔ «ተው» አልልም። ጸበሉም ይቀጥል፣ ሩቅያ የሚያስደርገውም ያስደርግ፣ ሸህ ጋ የሚሄደውም ይሂድ። አንድ ነገር ብቻ እንለምናለን፦ መድኃኒቱ አይቋረጥ፣ ሰውየውም በሰንሰለት አይታሰር። ይህን አባቶችና ሸሆች ራሳቸው ሲናገሩት ቤተሰብ ይሰማል፤ እኛ ስንናገረው ግማሹ ብቻ ነው የሚሰማን።

እዚህ ላይ ነው ለደመወዝ ብር ያስፈልጋል ያልኩት። ትራፊኩን ያወጣው ሕንፃ አይደለም፣ የሚመላለስ ሰው ነው። አንድ የማኅበራዊ ሥራ ወይ የሥነ ልቦና ምሩቅ ቅጠሩ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፣ ሥራ የሚፈልግ ምሩቅ አይጠፋም። አንድ ጠንካራ ሠራተኛ አሥር አሥራ አምስት ሰው በእጁ ይዞ መከታተል ይችላል። መቶ ሰው ስጡትና መዝጋቢ ብቻ ይሆናል።

ሠራተኛው መጀመሪያ የሚጋጨው ከመታወቂያ ጋር ነው። ይሄን ልብ በል፤ ከብርም በላይ ሰው ጎዳና ላይ የሚያስቀረው ይሄ ነው። መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞ ቀበሌ መሸኛ አምጣ ይባላል። መሸኛ ለማምጣት መታወቂያ አሳይ ይባላል። መታወቂያ የሌለው ሰው ቤት አይከራይም፣ ሲም ካርድ አያወጣም፣ የጤና መድን ውስጥ እንደ ድሃ ተቆጥሮ አይገባም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ሠራተኛው ራሱ ለቀድሞ ቀበሌው ደውሎ ወይ ሄዶ መሸኛ ማስላክ ነው። ሁለተኛው ፋይዳ፣ ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ ነው፤ ሰነድ የሌለው ሰው ፋይዳ ባለው ሰው ምስክርነት እንዲመዘገብ ሥርዓቱ ይፈቅዳል። ከእናንተ ከነጋዴዎቹ አንዱ አብሮ ሄዶ ይመስክር። ብር አያስወጣም፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ቀጥሎ ኪራይ። ፊንላንድ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጎዳና ሰውን መጀመሪያ ቤት አስገብቶ ሕክምናውንና ሥራውን ከዚያ ማስከተል የሚባለውን መንገድ የአገር ፖሊሲ አድርጋ ቁጥሩን በጣም ቀንሳለች። «እነሱ ሀብታም ናቸው» ትለኛለህ፣ ልክ ነህ፣ የመንግሥት ቤት አላቸው። እኛ ደግሞ ጓሮ ሰርቪስ ቤት የሚያከራይ እናት አለን። እነዚህ እናቶች የሚፈሩት ብር ማጣትን ብቻ አይደለም፤ «ሌባ ቢሆንስ፣ ቢያብድብኝስ፣ ማንን እጠይቃለሁ?» ነው ጥያቄያቸው። መልሱ ተያዥ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ቅሬን፣ የወሎውን እድር፣ የሚያህል የለም። የቅሬው ሰብሳቢ «እኔን ጠይቁኝ» ካሉ በር ይከፈታል። ቅሬው ለሁለት ለሦስት ሰው ተያዥ ይሁን፣ እናንተ የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪራይ ቻሉ፣ ሰውየው ሥራ ሲይዝ ከፊሉን እየከፈለ ይሂድ። አንድ ሰፈር ውስጥ ግን አታከማቿቸው፣ በታትኗቸው፤ አንድ ግቢ ውስጥ አሥር ሰው ካስገባችሁ መጠለያውን በሌላ በር አስገባችሁት ማለት ነው።

ቅሬን ያነሳሁት ለሌላም ምክንያት ነው። «ድርጅት እናቋቁም» የሚል ሐሳብ ሐሙስ ይነሳል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የራሱ ምዝገባ፣ ሪፖርትና ኦዲት አለው፤ እድርንና እቁብን ግን አይመለከትም። ያለውን ቅሬ ይዛችሁ ብትነሱ ዓመቱን በወረቀት አትጨርሱም። የባንክ ሒሳቡ በሦስት ፊርማ ይንቀሳቀስ፣ አንዱ ፈራሚ ነጋዴ ያልሆነ ሰው ይሁን።

መንግሥትንም አትርሱት፣ ግን ምን እንደምትጠይቁ አውቃችሁ ሂዱ። ደሴ በ2009 የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት የሚባለው የድሆች ድጋፍ ፕሮግራም ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ወደ 83 ከተሞች ሰፍቷል። ፕሮግራሙ ጎዳና ላይ ላሉ ሰዎች የታሰበ ክፍል አለው። ለመደበኛው ግን ቋሚ ነዋሪ መሆን ይጠየቃል፤ ይኸው ዞሮ ዞሮ መታወቂያ። ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ «የጎዳና ሰው በዛ» ብትሉ «እየሠራንበት ነው» ትባላላችሁ። ደብተሩን ይዛችሁ ሄዳችሁ «እነዚህ ሰዎች፣ ይህ ዕድሜያቸው፣ ይህ የጎደላቸው» ስትሉ ግን የሚያናግራችሁ ባለሙያ ታገኛላችሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአእምሮ ሕሙማን፣ ለአረጋውያንና ወላጅ ላጡ ልጆች ድጋፍ ያደርጋል ይላል። ልመና እንዳይመስላችሁ።

ስለ ምግብ ባጭሩ። ወሎ ሰው አይራብም እንዳልል የ1966ንም የ1977ንም ታሪክ እናውቃለን፤ ሰጪ እጅ ግን ሞልቷል። ችግሩ ዓርብና እሑድ ተርፎ ይደፋል፣ ማክሰኞ ባዶ ነው። ቅሬዎቹና ማኅበሮቹ ቀን ይከፋፈሉ፣ ዝክርም ሰደቃም ያለበት ሰው ቀኑን ያስመዝግብ። ካሜራ ግን አይግባ። ዳቦ እየሰጠ ቪዲዮ የሚቀርጽ የቲክቶክ ልጅ ሲመጣ በትህትና መልሱት። ፊቱ ስልክ ላይ የዞረ ልጅ እናቱ ቤት መመለስ ይከብደዋል፤ አገሩ ሁሉ አይቶታላ።

ኮምቦልቻ ያላችሁም ብዙው ይሠራላችኋል፣ በሁለት ነገር ግን ትለያላችሁ። አንደኛ ሌሊታችሁ ከደሴ ይቀላል፤ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ሆና ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ራሱ ሰው ይገድላል፣ ስለዚህ እዚህ ብርድ ልብስና ደረቅ ቦታ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛ እናንተ ጋ ሥራ ፈልጎ የሚመጣው ይበዛል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ስንቱ ወጣት ተስፋ አድርጎ ወረደ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ የአሜሪካው ከቀረጥ ነፃ ገበያም ተዘጋ። ሥራ ያጣች የፋብሪካ ልጅ ጎዳና የምትወጣው የኪራይ ወር ካለፈባት በኋላ ነው። እዚያ የሚያዋጣው ከጎዳና ማንሳት ሳይሆን ሳትወጣ መያዝ ነው፣ የአንድ ሁለት ወር ኪራይ በብድር መልክ።

ለዛሬ ማታ ደግሞ ስለ በረንዳህ። ሰው በረንዳህ ላይ የሚሸናው የሕዝብ ሽንት ቤቱ ማታ ስለሚቆለፍ ነው። ቁልፉን የሚይዝ፣ ሌሊት የሚከፍትና የሚያጸዳ አንድ ሰው ከእነሱው መሀል ይቀጠር፣ ማዘጋጃ ቤቱም ይስማማበታል። ከሚያድሩት ጋር ደግሞ ተነጋገር፤ ከማታው 3 ሰዓት በፊት እንዳይነጠፍ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተጠራርጎ እንዲነሳ፣ ካርቶንና ማዳበሪያው የት እንደሚቀመጥ። ከመካከላቸው የሚሰሙት አንድ ሰው አለ፣ ከእሱ ጋር ተስማማ። አብዛኞቹ ቃላቸውን ይጠብቃሉ፣ ምክንያቱም ያንተን በረንዳ ማጣት አይፈልጉም።

ሐሙስ ስብሰባ ላይ የሰፈሩን ዘበኞች ጥሩ። ከኋላ እንዲቆሙ ሳይሆን ወንበር ይሰጣቸው፣ ሌሊት ሠርተው ስለሚመጡም የሰዓታቸው ይከፈላቸው። ደብተሩን ቅዳሜ ሌሊት ጀምሩት።